ለአማቾቻችን የሰጠነው ስንዴ

አባቴ ያለፈውን ክረምት እኔ ጋ ያሳለፈው ወዶ አይደለም። የእግሩ ቁስል አልድን ብሎ፣ ዘነበወርቅ ያለው ሐኪም ቤት እየተመላለሰ እንዲታጠብና እንዲታሰር ታዘዘለት። በዚያ ጭቃ ከገጠር እየመጡ መመላለስ የማይታሰብ ስለሆነ፣ ታናሽ ወንድሜ ሐምሌ ውስጥ አምጥቶ ኮልፌ፣ እኔ የምከራያት ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አስቀምጦልኝ ተመለሰ። ያመጣልኝ አንድ ሽማግሌ ነው፤ የገባው ግን ከነማሳው ነው።

ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ የመጀመሪያ ጥያቄው "እዚያ ዘንቦ ይሆን?" ነው። "አባዬ፣ እኔ እዚህ መዝነቡን እንኳ የማውቀው ጣሪያው ሲያፈስ ነው" እለዋለሁ። አይሰማኝም። የምሠራው አየር ጤና፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ካንዴላ እየጠየቀኝ ስልኬ ይጮኻል፤ አባቴ ነው። "ወንድምሽ አያነሳም። አረሙ አለቀ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።" ጸሎት የማይደክማት አንዲት ጴንጤ ጎረቤት አለችኝ፤ ስለ እግሩ ልትጸልይለት ስትገባ "እግሬን ተዪው ልጄ፣ ስለ ስንዴው ጸልዪልኝ" አላት። እሷም ሳትስቅ ጸለየችለት። እኔ ብሆን እስቅ ነበር።

ስንዴው ግን ለሱ እንዲሁ ስንዴ አልነበረም። እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ አንድ ክረምት ዋግ መጥቶ የአካባቢውን ሰብል ጠራርጎ ወሰደ። ዋግ ቅጠል ላይ ዝገት የመሰለ ዱቄት የሚያወጣ በሽታ ነው። ተክሉ ለፍሬው ያሰናዳውን ሁሉ እሱ ይበላበታል። ዛላው ቆሞ ይቀራል፤ በእጅ ሲያሹት ግን ውስጡ እፍ ቢሉት የሚበር ገለባ ነው። ያን ዓመት ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ማሳውን ለከብት ሲለቅ፣ አባቴ የኛ ማሳ ውስጥ እየዞረ ንጹሕ ሆነው የቆሙ ዛላዎች ፈለገ። ባርኔጣው ውስጥ የሚገባ ያህል አገኘ። በዓመቱ ከቤታችን ጀርባ ዘራው፤ ከዚያም የወጣውን መልሶ ዘራ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ማሳ ሞላ። በቀጣዮቹ ዓመታት ዋግ ሲመጣ የጎረቤት ስንዴ ይነዳል፣ የሱ ይቆማል። አገሬው በሱ ስም ይጠራው ጀመር። አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ ስሙ የተጻፈበት ነገር ካለ መታወቂያው ብቻ ነው፤ ስሙን የያዘ ስንዴ ግን ነበረው።

ያንን ስንዴ ለዘር ለማንም አይሰጥም ነበር። ለመብል ይሸጣል፣ ለችግረኛ ይሰፍራል፤ ለዘር የሚሰጠው ግን ለአማች ብቻ ነው። ልጅ ሲድር፣ ድግሱ አልቆ ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ፣ ጓዳ ይገባና አንድ ጆንያ የዘር ስንዴ አስጎትቶ ያመጣል። ይህ የሱ ሥርዓት ነው እንጂ የአገሩ አይደለም። ሌላው ላም ይሰጣል፣ ጋቢ ይሰጣል፤ እሱ ዋግ የማይነካው ስንዴ ይሰጣል። ከዚያ በላይ ስጦታ አለ ብሎ አያምንም። እኔን፣ እህቴን፣ ወንድሜን ሲድር ሦስት ጆንያ ወጣ፤ የሦስት አማች ማሳ በሱ ስንዴ ተሸፈነ።

የኔ ጆንያ ሲወጣ አፍሬ ነበር። ከተማ ተምሬ የመጣሁ ሙሽራ ነኝ፤ ሚዜዎቹ በአበባ ያጌጠው መኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ስንዴ ሲጭኑ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አማቴ ግን፣ የባሌ አባት፣ ጆንያውን እንደ ሕፃን አቅፈው ነው የተቀበሉት። በዓመቱ ማሳቸው ላይ ቆመው "ይኸው ያንቺ ስንዴ" ብለው አሳዩኝ። ደግ ሰው ነበሩ። ልጃቸውም ክፉ አልነበረም። ልጅ አልወለድኩም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ጸበል ተባለ፣ ጸሎት ተባለ፣ ሐኪም ተባለ፤ በመጨረሻ በሽማግሌ ተለያየን። ልብሴን ይዤ ወጣሁ፤ እሱም ሳይቆይ ሌላ አገባ። አባቴና አማቴ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ተጣልተው አይደለም፤ ምን ብለው ይነጋገሩ?

ስንዴው ግን እዚያው ቀረ። ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ነው፤ ልጅ ሳልተው ከወጣሁበት ቤት በየክረምቱ የሚበቅል አንድ ነገር አለኝ ብዬ አስብ ነበር። ጅልነት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም መስከረም ሲጠባ፣ አሁን ዛላ አውጥቷል፣ አሁን እሸት ሆኗል እያልኩ በልቤ እከታተለው ነበር። ያጽናናኝም ነበር።

ያለፈው ክረምት አልወጣ ያለ ክረምት ነበር። ጳጉሜ አልቆ፣ አዲስ ዓመት ገብቶ፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከአየር ጤና አደባባይ አይነሳም። ወንድሜ አንድ ቀን ደውሎ "ታች ባለው ማሳ፣ ውኃ መውረጃው አካባቢ ቢጫ ቢጫ ነገር አይቻለሁ" አለ። አባቴ አላስጨረሰውም። "ውኃ ቆሞበት ነው፤ ቦይ ቅደድለት" አለው። ከጥቂት ቀን በኋላ ወንድሜ ደግሞ ደወለ። "ማዳበሪያ አንሶት ነው" ተባለ። ሦስተኛ ሲደውል ድምፁ ተለውጦ ነበር። "እህቴ፣ ፎቶ ልኬልሻለሁ፤ ለአባዬ አሳዪው" አለኝ።

ስልኬን ሰጠሁት። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጠብጣቦች በመስመር በመስመር ተደርድረዋል፤ በስፌት መኪና የተሰፉ ነው የሚመስሉት። አባቴ ስልኩን አራቀው፣ አቀረበው፣ መስኮቱ ጋ ወስዶ አየው። ከዚያ ለወንድሜ እንድደውልለት ጠየቀኝ።

"ጣትህን አሸህበት?" አለው።

"አሸሁ።"

"እና?"

"ቢጫ ሆነ አባዬ። ሱሪዬም ሁሉ ቢጫ ሆኗል።"

አባቴ ደህና ዋል ሳይል ስልኩን መለሰልኝ። ያቀረብኩለትን እራት በእጁ ገፋ አደረገው። ሲቆጣ የማውቀው ሰው ነው፤ ሲያኮርፍም አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ፤ ይህ ከቁጣውም ከኩርፊያውም ይልቅ አስፈራኝ።

በማግሥቱ ወንድሜ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማሳው ድረስ ወስዶ በስልክ አገናኘን። ወጣት ሴት ናት፤ ንግግሯ ፈጣን፣ ጨዋነቷ ግን ሙሉ ነው።

"አባባ፣ ቢጫ ዋግ ነው። ይህ ዘር ድሮ የመጣውን ዓይነት ነበር የሚቋቋመው። በሽታው ደግሞ ራሱን ይለውጣል፤ አሁን የገባው ሌላ ነው።"

"ስንት ዓመት ሙሉ አልነካውም እኮ ልጄ።"

"ለዚያ እኮ ነው አባባ። ዓመት ዓመት አንድ ዘር ብቻ ሲዘራ፣ በሽታው አንዱን ማሳ ከቻለ ሁሉንም ቻለ ማለት ነው።"

የሚደረገውን ነገረችው፤ እኔም አጠገቡ ሆኜ ሰማሁ። መድኃኒቱ አሁኑኑ መረጨት አለበት፤ ጤዛው ከለቀቀ በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ዝናብ ባላንዣበበበት ሰዓት። የታመመው ማሳ ውስጥ የዋለ ሰው በዚያው ልብስ ጤነኛው ውስጥ አይግባ። አጨዳው ሲያልቅ ረግፎ በራሱ የሚበቅለው ስንዴ መነቀል አለበት፤ በሽታው እሱ ላይ ከርሞ ለሚመጣው ክረምት ይተላለፋልና። ለከርሞ ደግሞ ዘር ይቀየር፤ የተቀየረውም አንድ ዓይነት ብቻ አይሁን። "ያልታየበት ማሳ ካለ ግን" አለች፣ "በየቀኑ እያዩ፣ መስመሩ ብቅ ባለበት ቀን መርጨት ነው። ከነደደ በኋላ መድኃኒቱ የሞተ ቅጠል አያስነሳም።"

"ሌላም ቦታ ተዘርቷል" አላት አባቴ።

"የት?"

"አማቾቼ ጋ።"

"እንግዲያው ዛሬውኑ ይደውሉላቸዋ አባባ።"

ዛሬውኑ አልደወለም። በማግሥቱም አልደወለም። ወንድሜ የገበሬዎች ማኅበሩ ጋ ሄዶ መድኃኒት የለም ተባለ፤ ለምኖ፣ ተበድሮ፣ ከሌላ ወረዳ አመጣና ረጨ። መርጫውን ከጀርባው ሳያወርድ ዝናብ መጥቶ አጠበው። እንደገና እስኪረጭ ቢጫው ከቅጠል አልፎ ዛላው ላይ ወጥቶ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ስልኩን በመዳፉ ያገላብጣል።

"አባዬ፣ ደውልላቸው እንጂ!" አልኩት አንድ ጠዋት፣ ትዕግሥቴ አልቆ። "ነፋሱ አንተን ይጠብቃል እንዴ?"

"ምን ልበላቸው? የሰጠኋችሁ በሽታ ነው ልበል?"

"በሽታ አልሰጠሃቸውም። ስንዴ ነው የሰጠሃቸው።"

"ዋግ የማይነካው ስንዴ ነው የሰጠኋቸው" አለኝ። "ሰው ሲሰማ፣ ሰርግ ላይ፣ ቆሜ።"

 ስልኩን ከእጁ ወስጄ ለእህቴ አማቾች ደወልኩና መልሼ ሰጠሁት። ሰዎቹ ስንዴውን ቀድመው አጭደው ለከብት አብልተውታል። መታመሙን ካወቁ ሰንብተዋል፤ አባቴ እንዳይከፋው ብለው ነው ሳይነግሩት የቆዩት። የወንድሜ አማቾች ብርድ የመታው መስሏቸው ትተውት፣ ማሳቸው ሙሉ በሙሉ ነዷል። ማንም ክፉ አልተናገረውም። "አይዞህ፣ የእግዜር ሥራ ነው" አሉት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር፤ ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

የቀረው የኔ ነው። የቀድሞ አማቴ ማሳ ከሌሎቹ ከፍ ያለ፣ ነፋስ የሚመታው ዳገት ላይ ነው፤ ጤዛ ቶሎ ይለቀዋል፤ በሽታው ደርሶበት ላይሆን ይችላል። ያ ስንዴ ከተረፈ የአባቴ ስንዴ ተረፈ፤ ያ ከሄደ አለቀ። አባቴ ይህን ያውቃል። ቁጥራቸውን ከስልኬ አለማጥፋቴን አይቶ፣ ደውዬ ስሰጠው ተቀበለኝ።

በኦሮምኛ ነው ያወሩት። አባቴ በኦሮምኛ ሲናገር ድምፁ ይወፍራል፤ ማሳ ለማሳ የሚጠራሩ ሰዎች ድምፅ ነው። ያን ቀን ግን ቀጠነብኝ። ሰላምታውን አሳጠረ፤ የሰጠሁህ ስንዴ ተይዟል፣ ያንተ ሳይያዝ እየው፣ ስለ ፈጠረህ ብዬ እለምንሃለሁ፣ ዛሬ እየው አለ። ከዚያ አዳመጠ። ብዙ አላዳመጠም።

"ምን አሉህ?" አልኩት።

"እሺ፣ እግዜር ይስጥህ፣ እናየዋለን አለ።"

"ጥሩ ነዋ።"

"ምኑ ነው ጥሩ? ምን ልርጭ አላለም። ከየት ጀመረ አላለም። ገበሬ እኮ ነው! እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ እሺ ብቻ ይላል?" ትንሽ አሰበና "ሟርት መስሎት ነው" አለ። "ልጄ ልጁን ስለፈታበት፣ አሁን ስንዴህ ሊታመም ነው እያለ ያሟርትብኛል ብሎ ነው።"

አይሆንም ልለው አልቻልኩም። እኛ ዘንድ ያልታመመን ነገር ይታመማል ብሎ መናገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ያውም ከተለያየ አማች አፍ። መልሶ ደወለ፤ አልተነሳም። በማግሥቱ ደወለ፤ አልተነሳም። ዘነበወርቅ ወስጄው ነርሷ ግፊቱን ስትለካ ተደናግጣ እኔን ቀና ብላ አየችኝ። "የሚያስጨንቃቸው ነገር አለ?" አለችኝ። ስንዴ ብላት ምን ልትለኝ ነው? እግሩ እየዳነ ነበር፤ እሱ ግን እየከሳ ሄደ። ምግብ ሳቀርብለት "ያ ብቻ ነው የቀረው" ይለኛል፣ ስለ ምን እንደሚያወራ ሳይነግረኝ፤ መንገርም አያስፈልገውም።

እሑድ ዕለት ራሴ ሄድኩ። ከአየር ጤና ታክሲ ይዤ አስኮ፣ ከአስኮ የቡራዩን፣ ከዚያም ወዲያ የሚሄደውን ያዝኩ። መንገዱን አልረሳሁትም። ስሄድ ሙሉ በሙሉ ለአባቴ ስል ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ፤ ፌርማታው ላይ ወርጄ ዳገቱን ስያያዘው ግን ልቤ የሚመታው ለራሴም ነበር። ቤቱን በሩቁ አልፌ ቀጥታ ወደ ማሳው ሄድኩ። አጥሩ ላይ የሕፃን ልብሶች ተሰጥተዋል፤ ትንንሽ፣ ብዙ። አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ።

ማሳው አረንጓዴ ነበር። እንዲህ ያለ አረንጓዴ ከስንት ጊዜ በኋላ እንዳየሁ አላውቅም። ዳሩ ላይ ተንበርክኬ አንድ ቅጠል ይዤ በአውራ ጣቴ አሸሁት። ገልብጬ አየሁ፤ ጣቴ ንጹሕ ነው። ሌላ አሸሁ፤ ንጹሕ ነው። ሰምተውታል፣ ረጭተዋል፣ ሟርት አልመሰላቸውም ብዬ ጮክ ብዬ ልስቅ ምንም አልቀረኝ። እንባዬ ቀደመኝ። ከዚያ ነው ዛላውን ልብ ብዬ ያየሁት። የአባቴ ስንዴ ጢም አለው፤ ረጅም፣ ሲያልፉ ልብስ የሚይዝ። ይኸኛው መላጣ ነው። ቀጥዬ ያለውን አየሁ፤ መላጣ ነው። ገባ ብዬ አየሁ። ከዳር እስከ ዳር አንድም ጢም ያለው የለም።

አማቴ ከኋላዬ መጥተው ቆመው ኖሯል። አርጅተዋል፤ ዱላ ይዘዋል።

"ልጄ" አሉኝ። "ነይ ቤት ግቢ እንጂ፣ እዚህ ምን ያንበረክክሻል?"

ተነስቼ ጉልበታቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀሩኝ። ምንም ሳልጠይቃቸው ነው የተናገሩት።

"ያንቺን ስንዴ ካወጣነው ቆየ። ያኔ፣ ሌላዋ ልጅ ስትመጣ ነው። በፊተኛዋ ስንዴ የተጋገረ ዳቦ አልበላም አለች፤ ሴቶቹም እውነቷን ነው አሉ። እኔ አልፈለግኩም ነበር።" ዱላቸውን መሬት ላይ አሹት። "የዛሬው ዳቦ እንዳንቺ ስንዴ ዳቦ አይደለም። ሌሎቹ ባያምኑልኝም፣ እንደሱ አይደለም።"

"ለአባቴ ለምን አልነገሩትም አባባ? ሲደውልልዎት?"

"ምን ብዬ? ሰውዬው ስንዴህን አድን ብሎ በዚያ ድምፅ ሲለምነኝ፣ ስንዴህን ከጣልኩት ቆየሁ ልበለው? እሺ ከማለት ሌላ ምን አፍ አለኝ? ሁለተኛ ሲደውል ደግሞ አፍሬ ተውኩት።"

ተቆጥቼ ቢሆን ጥሩ ነበር። ለመቆጣት የሚሆን ነገር ፈልጌ አጣሁ። ያ ሁሉ መስከረም፣ አሁን ዛላ አወጣ፣ አሁን እሸት ሆነ ያልኩት፣ ባዶ ነበር፤ ማሳው ላይ የነበረው የሌላ ሰው ስንዴ ነው። ከዚያ ቤት የወጣሁት ያኔ ሳይሆን ያን እሑድ ሆኖ ተሰማኝ። ደግሞም የሚገርመው፣ የጣሉት ሰዎች ማሳ ነው ከሁሉም የተረፈው። እሱን ለማሰብ እንኳ አቅም አልነበረኝም። ቤት ግቢ አሉኝ፤ ይቅርብኝ አልኳቸው። እሸት ቆርጠው ሊሰጡኝ ነበር፤ እሱንም ይቅርብኝ አልኩ። ታክሲው ድረስ በዱላቸው እየተመረኮዙ ሸኙኝ።

አስኮ ስደርስ ዝናብ ያዘ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ለአባቴ የምለውን አዘጋጀሁ። እውነቱን ልነግረው ወሰንኩ፤ ትልቅ ሰው ነው፤ ስንቱን ያየ ነው አልኩ። በኮልፌ ጭቃ ውስጥ እየተንሸራተትኩ ስደርስ እሱ በሩን ከፍቶ፣ እግሩን በርጩማ ላይ አስቀምጦ እየጠበቀኝ ነበር። ጋቢው በዝናብ ርሷል። ልብ አላለውም።

"አየሽው?"

"አየሁት።"

"እንዴት ነው?"

"አረንጓዴ ነው" አልኩት። እውነት ነው።

"ጣትሽን አሸሽበት?"

"አሸሁበት። ንጹሕ ነው።" ይህም እውነት ነው። ቀጥሎ ያለውን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር።

አባቴ ግን ሁለቱንም እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እናቴ ስትቀበር እንኳ እንዲህ ሲሆን አላየሁትም። "ረጭቶታል" አለ ከእጆቹ ሥር። "ሰምቶኛል። እኔ ደግሞ ሟርት መሰለው ብዬ አማሁት። ይቅር ይበለኝ።"

ያን ጊዜ ማቋረጥ ነበረብኝ። አልቻልኩም። ውስጥ ገብቼ ደረቅ ጋቢ አመጣሁለት፤ እራት አቀረብኩ፤ ከስንት ቀን በኋላ በላ። ጎረቤቴ ድምፃችንን ሰምታ ብቅ ስትል "ጸሎትሽ ደርሷል፣ ልጄ" አላት፤ እሷም "እልል" ብላ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። እኔ ሳህኑን አነሳሁ፤ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ማጠብ ጀመርኩ።

"ባለሙያዋ ዘር ቀይሩ ብላለች፤ ወንድምሽ ይቀይር" አለኝ ጎረቤቴ ከወጣች በኋላ። ድምፁ የድሮው ድምፁ ሆኖ ነበር። "እኔ ግን ትንሽ፣ ከቤቱ ጀርባ ብቻ እዘራለሁ። ቀን በቀን እያየሁት፣ ቶሎ ከተረጨ ይኖራል፤ ይኸው የሱ ኖረ አይደል?" ከዚያ የጋቢውን ጫፍ ይጠቀልል ጀመር። ሊጠይቀኝ የከበደው ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ምን እንደሆነም ገባኝ፤ ሳህኑን ይዤ ቆምኩ።

"ኅዳር ላይ ሲያጭዱ ሄደሽ አንድ ቁና ለምኚልኝ" አለኝ። "ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም እነሱ አንቺን አይከለክሉሽም።"